መርዶዬን በጋሪ ለላኩልኝ ኃላፊ

ለክቡር የብረት ማሰባሰቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉንፋኑስ ለቀቀዎ? ባለፈው ለፊርማ ስመጣ ክፉኛ ያስልዎ ስለነበር ከልቤ አስቤ ነው የምጠይቀው። እኔ በስፌት ቤት የወታደር ካፖርት የቁልፍ ቀዳዳ የምሰፋው ሴት፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። አጻጻፌ ቀርፋፋ ነውና ታግሠው ያንብቡልኝ።

ከልጄ የብረት አልጋ አንድ እግር ስለ ጎደለ በሰባት ቀን ውስጥ እንዳቀርብ የሚያዝዘው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ እግሩ ከመመለሴ በፊት ግን መርዶዬ የደረሰበትን ቀን እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ፤ የምስጋናዬ መነሻ እሱ ነውና።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ቦምብ ቢወድቅ መስታወቱ እንዳይበታተን በመስኮቴ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ስለጥፍ ጋሪዎ ደጄ ላይ ቆመ። ቤት የተሳሳተ መስሎኝ ለሽማግሌው ጋሪ ነጂ ውኃ ሰጠሁት። ድስቴንም፣ የአጥሬን በርም ቀልጦ የጦር መሣሪያ እንዲሆን አምና አስረክቤያለሁ። የቀረኝ የልጄ አልጋ ነው፤ እሱንም እርስዎ ራስዎ ባለቤቱ ከግንባር እስኪመለስ እንዳይነካ ፈርመውልኛል። ወረቀቱን ከትራሱ ሥር አውጥቼ አሳየሁት። እሱም የእኔን ወረቀት አየ፣ የራሱን ዝርዝር አየ፣ ግንባሩን ጠረገ።

«እኅቴ፣ ይቅር በይኝ፤ ያንቺ ወረቀት አብቅቷል። የአልጋው ባለቤት በሕይወት የለም ይላል» አለኝ።

አልጋውን ጭኖ ሄደ። ሞቱን የሚነግረው፣ ከጦር ሠራዊቱ የተላከው ወረቀት እጄ የገባው ቅዳሜ ነው።

እንግዲህ አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ልጄ የት እንዳለ ለማወቅ አሥራ አራት ወር ሙሉ በየቢሮው ደጅ ጠናሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም። አልጋው ባዶ መቅረቱን ግን ጽሕፈት ቤትዎ ከእናቱ ቀድሞ አወቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጠባዎ። ለመርዶ ብሎ ጎረቤት መሰብሰብ፣ እናትን ደግፎ ማስቀመጥ ድሮ ቀረ፤ አንድ ጋሪ መርዶውን አርድቶ፣ ብረቱንም ጭኖ ይመለሳል። በዚህ ዘመን ሁለት ሥራ የማይሠራ ነገር የለም። ትምህርት ቤቱ የካፖርት መጋዘን ሆኗል፣ አስተማሪዋ አውቶቡስ ትነዳለች፣ እኔም እያለቀስኩ እሰፋለሁ።

ሦስተኛ፣ በደብዳቤዎ መጨረሻ በፈቃዴ ስላደረግሁት ልገሳ አመስግነውኛል። አልጋውን ማለትዎ ነው ወይስ ልጁን? ሁለቱንም ፈቅጄ መስጠቴን አላስታውስም፤ እርጅና ይሆናል።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው።

ልመናዬ ግን አንድ ነው፤ ለራሴም አይደለም፣ የእኔስ አንዴ ሆኗል። ከጎኔ የምትኖረው ልብስ አጣቢ፣ ግንባር የዘመተው ልጇ አልጋ እስካሁን እንደተነጠፈ ነው። የጋሪ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን ከነአረፋው ይዛ ትሮጥና አልጋው ላይ ትቀመጣለች። ትናንት ያለፈው የውኃ ጋሪ ነበር፤ ድምፁ እስኪጠፋ አልተነሣችም። ክቡር ሆይ፣ የሟቾች ዝርዝር እጅዎ ሲገባ ጋሪውን ጥቂት ቀን ያቆዩት፤ ወረቀቱ ይቅደም። አልጋ እንደሆነ አራት እግር ቢኖረውም አይሮጥም።

ረጅም ዕድሜ፣ ከሳል የራቀ ደረት፣ ቤተሰብዎ ሁሉ የሚተኛበት ሙሉ አልጋ እየተመኘሁልዎ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የካፖርት ቀዳዳ ሰፊዋ፣ የአልጋው ባለቤት እናት

ማስታወሻ፦ የጎደለው እግር እኔ ዘንድ ነው። ሽማግሌው አያውቅም፤ ቡሎኑ ድሮም የላላ ነበርና ፊቱን ሲያዞር ነቅዬ ፍራሹ ውስጥ ሸሸግሁት። ልጄ ትንሽ ሳለ ባኮረፈ ቁጥር በምስማር የጫረው መስመር አለበት፤ አብዛኛውን ያኮረፈው በእኔ ነው። ጦርነቱ በአንድ የአልጋ እግር መጉደል የሚቆም ከሆነ በአስቸኳይ ያስታውቁኝ፤ እናቶች ሁሉ አንድ አንድ እግር እንዲደብቁ እነግርልዎታለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር እጃችሁ ገብቶ ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ የእግሩን ነገር ተዉት። ልጄ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ማታ አልጋችሁ ላይ ጋደም ስትሉ፣ ዓይናችሁን ከመክደናችሁ በፊት፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።