ለዝሀር ያልገባበት ስብሰባ

ውድ ወንድሜ ኑዕማን፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በሙሉ ጤንነት ያግኝህ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህ ሲሃምስ ደህና ናት? ሕፃኗስ መዳህ ጀመረች? የማርሴይ ብርድ ከአሁኑ ገባ ወይ? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ እማም ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ንዴቴን የማካፍለው ሰው ባጣ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የከተማው ቆሻሻ ከእኛ የውሃ ጉድጓድ በላይ ባለው ሸለቆ ሊደፋ ነው መባሉን ሰምተሃል። ይህን የሚወስነው እኔ ያለሁበት የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ኮሚቴ ነው። አምስት ነን፤ ሰብሳቢው ቡራዊ፣ የሚስቱ ወንድም፣ ጡረታ የወጡት መምህርት መንጂያ፣ የአጎታችን ልጅ ለዝሀርና እኔ። መምህርቷ፣ ለዝሀርና እኔ ሦስታችን ስለምንቃወም ቡራዊ በድምፅ እንደማያሸንፈን ያውቃል። ስለዚህ የስብሰባውን ጥሪ በበዓል ዋዜማ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል ኮሪደር ውስጥ ለጠፈው። ማን ያየዋል? አልተገኘንም። ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ብሎ በዚያው ዘዴ ሁለተኛ ጠራ። ደንቡ ደግሞ በሁለተኛው ጥሪ የመጣው ሰው ጥቂትም ቢሆን መወሰን ይችላል ይላል። ከሚስቱ ወንድም ጋር ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው ወሰኑ። ይባስ ብሎ እኛን ሁለቱንም ጊዜ ያለ ምክንያት የቀሩ ብሎ መዘገበን።

ደሜ ፈላ። ከመምህርት መንጂያ ጋር በአውቶቡስ ወደ አውራጃው አስተዳደር ተመላለስን። አንዱ ኃላፊው ነገ ይመጣሉ ይለናል፣ ሌላው ማህተም ይጎድለዋል ብሎ ይመልሰናል። በመጨረሻ አንዲት የሕግ ሠራተኛ አቤቱታችንን አነበበችና፣ ጥሪው በጽሑፍ ለእያንዳንዱ አባል እጅ ካልደረሰ ስብሰባውም መቅረቱም አይቆጠርም አለችን። ቡራዊ ስብሰባውን እንደገና እንዲጠራ ታዘዘ። ወረቀቱን ራሱ ቤታችን ድረስ አምጥቶ፣ "ወይዘሮ ሳልሃ፣ እንግዲህ አልደረሰኝም እንዳትይ" ብሎ ፈገግ አለ። የፈገግታው ነገር ያን ቀን አልገባኝም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ገብተን ተቀመጥን። ለዝሀር የለም። ቡራዊ ሰዓቱን አየና አራት ሰው ይበቃል ብሎ ጀመረ። ሁለት ለሁለት ሆንን። እኩል ሲሆን የሰብሳቢው ድምፅ ያመዝናል፤ በቃ፣ አለቀ። አሁን ሁሉም በደንቡ መሠረት ስለሆነ አቤት የምልበት ቀዳዳ እንኳ የለኝም። መኪኖቹ በሚመጣው ወር መድፋት ይጀምራሉ።

ስወጣ ለዝሀር ፊት ለፊት ካለው ካፌ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። ጥሪው አልደረሰህም ወይ አልኩት።

"ደርሶኛል፣ የአጎቴ ልጅ። ከኮሚቴ የሚሰረዘው ሦስት ጊዜ የቀረ ነው። ያለፉትን ሁለቱን አንቺው ለፍተሽ አሰርዘሽልኛል፤ ይሄ ገና አንዴ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሳ።

 የለዝሀር ልጅ የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መኪና ሾፌር ሆኖ መቀጠሩን የሰማሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

በማግስቱ ብርቱካን ይዞ እማን ሊጠይቅ መጣ። እኔ ከጓዳ አልወጣሁም። እማ ግን እንደ ወትሮዋ አስቀመጠችው፤ ስለ ልጆቹም አንድ በአንድ ጠየቀችው። ከዚያ በዚያ ጉልበቷ እያነከሰች ጉድጓዱ ድረስ ሄዳ ውሃ ቀድታ አመጣችለት።

"ጠጣ ልጄ፣ ገና ንጹሕ ነው" አለችው።

ብርጭቆውን ተቀበላት። ከዚያ ሳይጠጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ወጣ።

ሲሃምን ሰላም በልልኝ፤ ሕፃኗን ጉንጯን ሳምልኝ። እማ በየሶላቱ ትመርቅሃለች። መምህርት መንጂያም ያ ረባሽ ተማሪዬ እንዴት ነው ብለዋል። ለዝሀር ከደወለልህ ሰላምታውን ተቀበለው፤ ለምን እንዳልገባ ግን ራሱ ይንገርህ።

እህትህ ሳልሃ
ዋዲ ዘይን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2021