በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለተሰቀለው የልጄ ስም

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር ኦክ ቼጉን፤ ጤናዎ ይጠበቅ፣ ጉልበትዎ አይዛል፣ ከነጭ ሽንኩርት ማሳችን ወደ ቢሮዎ መስኮት የሚነፍሰው አየር ሁሉ ይስማማዎ እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከቬትናም ተድሬ መጥቼ በዚህች የኮሪያ ገጠር አሥራ ስምንት ዓመት ነጭ ሽንኩርት የነቀልኩ፣ የጉ ዳሶም እናት ላም ቲ ሉዋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመንደሩ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ሦስት ጊዜ ደጅዎ ጠንቼ ስላላገኘሁዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቤተሰባችን ስለሚጨነቁልን አመሰግናለሁ። የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት በሚሞላው የቤተሰብ ቅጽ ላይ በአገሬ የነርስነት ትምህርት መጨረሴን ጽፌ ነበር፤ ምክትልዎ ግን ሰርዘው «ገበሬ» በማለት አሳጠሩልኝ። «የዚያ አገር ትምህርት እዚህ ምን ያደርግልሻል፣ የዳሶም እናት?» አሉኝ። ከኋላዬ የነበሩትን የጥርስ ሐኪሙን ሚስት ደግሞ «እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ ሻይ ይምጣልዎ» አሏቸው።

ሁለተኛ፣ ዳሶም እዚሁ ተወልዳ ከኮሪያዊት አያቷ የወረሰችውን የገጠር አነጋገር ስታንበለብለው እየሰማችሁ፣ የእኔን መልክ አይታችሁ የኮሪያ ቋንቋ ጀማሪዎች ክፍል አስገባችኋት፤ ያውም የሒሳብ ክበብ በሚሰበሰብበት ሰዓት። አስተማሪዋ እንኳ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ማነው የላከሽ?» ብላ ስቃለች። ልጄ ግን አልሳቀችም። ዓመቱን ሙሉ «ይህ ወንበር ነው» ስትል ከርማ፣ ሒሳቡን ነጭ ሽንኩርት መቶ መቶ እያሰርን ቤት ተማረችው።

ሦስተኛውን ቁጥር ለትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ትቼዋለሁ። «የመድብለ ባህል ቤተሰብ ልጆች፣ ኑ ስጦታ ውሰዱ!» በተባለ ቁጥር ዳሶም፣ እናቷ የውጭ አገር ሰው ናትና፣ ካርቶን ሙሉ የደረቀ የባሕር አረም ታቅፋ ከእርስዎ ጋር ፎቶ ተነሥታለች። አንድም ቀን አልቀመሰችውም።

ባለፈው ሳምንት ዳሶም በአውራጃው የሒሳብ ውድድር አንደኛ ወጣች፤ እርስዎም «የትምህርት ቤታችን ኩራት ጉ ዳሶም» የሚል ሰፊ ሸራ በሩ ላይ ሰቀሉ። በማግስቱ ለሳይንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የዓመቱን ብቸኛ የድጋፍ ደብዳቤ፣ በዚያው ውድድር አሥራ አራተኛ ለወጣው ለጥርስ ሐኪሙ ልጅ ፈረሙለት። ዳሶምንም «አንቺ የፀጉር ሙያ ብትማሪ እናትሽን ቶሎ ትረጃለሽ» ብለው መከሯት። ቤት ገብታ «እማ፣ መልኬ ነው እንዴ?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ በግኛለሁ። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ቀትር ላይ ነው፤ የተፈረመ ድጋፍ እስከዚያ ሊቀየር እንደሚችልም ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ለቸርነትዎ ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣ በቅጽዎ ገበሬ፣ በአገሯ ነርስ፣ በሁለቱም አገር የዳሶም እናት፣

ላም ቲ ሉዋ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ጠዋት ሸራውን በማጭድ ቆርጬ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ መሰላሉን የያዘልኝ ባለቤቴ ነው። ዝናብ ስለመጣ ነጭ ሽንኩርቱን ሸፍኜበታለሁ፤ ጠብታ አያስገባም። የዳሶምን ደብዳቤ የፈረሙ ዕለት አጥቤ እመልሰዋለሁ። እስከዚያ በልጄ ስም መኩራት ካማረዎ ማሳው ድረስ ብቅ ይበሉ፤ የባሕር አረም ታቅፈው ከመጡ እኛም ፎቶ እናነሣዎታለን።