የእኛም ቅዳሜ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለወንዳወቅ፣ ኖርዌይ። አንተ፣ ባለቤትህና ልጆችህ እንደምን ከርማችኋል? እኛ እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ላቆየን አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ አለን።

ቅዳሜ ሐይቁ ላይ በጀልባ የተነሣችሁት ፎቶ ደረሰኝ። ለደስታ ብላችሁ ጫካ ውስጥ በድንኳን ማደራችሁ ግን ገረመኝ። እኛም ያን ቀን ከአባየ ጋር ለክርስትና ቡሬ ሄደን ነበር። ስንመለስ ተኩስ ተከፈተብን። የሚኒባሱ መስታወት ፊታችን ላይ ረገፈ፤ ሾፌሩ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። አባየ ልጄን እንቁን አቅፈው በቆሎ ማሳ ውስጥ ገቡና በጋቢያቸው ሸፍነው ከላይዋ ተኙ። እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም። ጋቢውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ደሙ አልለቀቀም።

አባየ ስልክ አያነሡልኝም ብለህ ተቆጥተሃል። ስልካቸው እዚያው በቆሎው ውስጥ ጠፍቷል፤ አትቆጣቸው።

ደግሞ አደራ፣ አጠገብህ የሚኖሩትን የአገራችንን ሰው፣ የቄስ መሐሪን ስልክ ቁጥር ቶሎ ላክልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ለሽርሽር አትውጡ። ማለዳ ቤት ሁን፤ ባለቤትህም ከጎንህ አትለይ።

እምየ ሳሚልኝ ብላለች። ልጆቹን ሳምልኝ፤ በሩ ሲንኳኳ ግን እነሱ አይክፈቱ።

እህትህ አቻምየለሽ