አባትሽ አፋፉ ላይ ያያት ወፍ

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፤ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያውም ተጠግኗል። አባትሽ ግን ዝም ዝም ስላለብኝ፣ አየር ይለውጥ ብዬ ፏፏቴ ላሳየው ወሰድኩት። ውሃ ልገዛ ዞር ስል አጣሁት። ሮጬ ሳገኘው ገደሉ አፋፍ ላይ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። ከኋላው ቀበቶውን ጨምድጄ ያዝኩ።

«ቀስ! እንዳትበር» አለኝ፣ ቁጥቋጦው ላይ የምትዘምር ቢጫ ወፍ እያሳየኝ።

«ምን ወፍ ናት?» አልኩት፣ ወደኋላ እየሳብኩት።

«ዓይኗ ቀይ ነው፤ ሸማኔ ወፍ ናት።»

አጠገባችን የቆመ አንድ አስጎብኚም «ልክ ናቸው» አለ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ አባትሽ ዞሮ አየኝና፣ «እርስዎስ ማን ነዎት?» አለኝ።

አንቺ ሆድ እንዳይብስሽ፤ ምግብሽን በደንብ ብዪ። ብቻ ስትደውዪ ከእኔ በፊት እሱን አናግሪው፤ ያንቺን ድምፅ ያውቅ ይሆናል። ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ