ረግረጉ ጥግ ላይ የቀነስከው ዩሪያ

ውድ ሁሴኖ፣

ይህን ደብዳቤ እህትህ ዘይቱና ዴራ ስትወርድ ታደርስልሃለች። ያልደወልኩት ስልክ ላይ ስለምጮህ ነው። ታውቀኛለህ።

ታምሜ እንደነበር ሰምተሃል። መልቲፕል ማይሎማ ይሉታል፤ የመቅኒ ካንሰር ነው። ባለቤቴ ሰናይት ይዛኝ ህንድ አገር ሄድን። እዚያ አዲስ ደም የሚያበቅሉትን ስቴም ሴሎች ከደሜ ለቅመው አስቀመጡ። ከዚያ ሜልፋላን በሚባል ኃይለኛ መድኃኒት መቅኒውን ያጸዱና የራስህኑ ሴሎች ይመልሱልሃል። መድኃኒቱን በምን እንደሚለኩት ብነግርህ ትስቃለህ። በካሬ ሜትር ነው። እኛ ማዳበሪያን በሄክታር እንደምንለካው፣ እነሱ የሰውነትህን ቆዳ ስፋት ያሰላሉ።

ሙሉው መጠን በካሬ ሜትር ሁለት መቶ ሚሊግራም ነው። ሐኪሟ ግን የኩላሊቴን ውጤት አይታ፣ "ለእርስዎ መቶ አርባ ይበቃል" አለች።

"ከአሰላ እዚህ ድረስ የመጣሁት ለጎዶሎ ሕክምና አይደለም" አልኳት።

"ቀስ በል ፈቃደ፣ መርፌው እሷ እጅ ነው ያለው" አለች ሰናይት።

ሁለቱን መጠኖች ያወዳደሩ ጥናቶችን አስመጥቼ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ሠንጠረዥ ስሠራ ዋልኩ። በአንዳንዶቹ ሁለት መቶ የወሰዱት በሽታው ዘግይቶ ነው የተመለሰባቸው፤ በብዙዎቹ ግን በዕድሜ ርዝመት ያን ያህል አልተለያዩም። ያናደደኝ ማወዳደሩ ራሱ ነበር። መቶ አርባ የተሰጣቸው አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ያረጁና ኩላሊታቸው የደከመ ናቸው። ደካማው መሬት ላይ ትንሽ፣ ለሙ ላይ ብዙ በትነህ ምን ታወዳድራለህ? ይህን ስል አንተ ትዝ አልከኝ።

የዲክሲሱ የስንዴ ሙከራ፤ እኔ ኃላፊ፣ አንተ የመስክ ሠራተኛ። ውሃ የሚተኛበት ጥግ ላይ ያለው መደብ ላይ ዩሪያውን ቀንሰህ በተንክ፤ መዝገቡ ላይ ግን ሙሉ ብለህ ጻፍክ። በጥቅምት ከጎኑ ያለው፣ ሙሉውን ያገኘው መደብ ጋሽቦ መሬት ላይ ሲተኛ ያንተ እንደ ቆመ ነበር። የያዝኩህም በዚያ ነው። በገበሬዎቹ ፊት ውሸታም አልኩህ። አንተ የመለስክልኝ፣ "ኦቦ ፈቃደ፣ ይሄ መሬት አይችለውም፤ በእግሬ ረግጬ ነው ያየሁት" ብቻ ነበር። በሳምንቱ ሥራህን ለቀህ ዴራ ወረድክ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ሠንጠረዤን እስከ መጨረሻው አነበበች። "ማነጻጸሩ ላይ እውነት አለዎት። እኔ የማክመው ግን እርስዎን ነው። ኩላሊትዎ ሁለት መቶውን አይችለውም።"

አይችለውም አለች። ሠንጠረዤን አጥፌ አስቀመጥኩ። መቶ አርባውን ወሰድኩ።

መድኃኒቱ ሲገባ አፌ እንዳይቆስል በረዶ ያስመጥጡኝ ነበር። ሰናይት አጠገቤ ተቀምጣ፣ "በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ዛሬ ገና ዝም አልክልኝ" አለች። ሳቅሁ፤ በረዶው ወደቀ፤ ነርሷ ተቆጣችኝ።

ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። በሽታው አልጠፋም፣ ተኝቷል። ጠዋት ጠዋት ዳገቱን እወጣለሁ፣ ምግብ ይጣፍጠኛል፣ ከፋርማሲው ልጅ ጋር እጣላለሁ። ደህና ነኝ። ሁለት መቶው ይሻለኝ እንደነበር አላውቅም፤ አንድ ሰው ሁለት መደብ አይሆንም።

ሁሴኖ፣ ስለ መዝገቡ ይቅርታ አልጠይቅህም። ቀንሰህ ከበተንክ ቀንሻለሁ ብለህ መጻፍ ነበረብህ፤ በዚህ እስከ መቃብር እከራከርሃለሁ። ይቅርታ የምጠይቅህ በሰው ፊት ስላዋረድኩህ ነው። ደግሞም እዚያ ጥግ ድረስ ሄጄ አንድ ቀን እንኳ ሳልረግጠው ስለፈረድኩብህ።

ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ገብስ ዘርቻለሁ። በታችኛው ጥግ ውሃ ይተኛል። ዩሪያውን እስካሁን አልበተንኩም። መጥተህ ረግጠህ እየውና ምን ያህል እንደሚችል ንገረኝ። ያልከኝን እበትናለሁ፤ የበተንኩትንም እጽፋለሁ።

መዝገቡን ይዞ የሚጠብቅህ፣
ፈቃደ
አሰላ