አፉ የተሰፋ ኪስ

ላሆር

ውድ እትዬ ሻጉፍታ፣

ፖስታው ላይ ስሜን ሲያዩ ሳይከፍቱ ሊጥሉት እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቢጥሉትም አልፈርድብዎትም። ከከፈቱት ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፤ ስድስት ዓመት አምቄ የያዝኩትን ነው የምጽፍልዎ።

ባለፈው እሁድ መህሪን ስምንት ዓመት ሞላት። "የጠንቋይ ልደት ካልሆነ ኬክ አልቆርስም" ብላ ድርቅ አለች። ወንድምዎ ተውቂር ደግሞ ለልጁ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን ያውቁታል። ግቢውን በጥቁር ወረቀትና በብርማ ኮከብ ሞላው፣ ከካርቶን ሹል ባርኔጣ ሠራ፣ ቀዩን ሸርበት በትልቅ ድስት ገልብጦ "የአስማት መጠጥ" አለው። አሥራ ሁለት ካባም የልጆቹ ስምና ልክ ተጽፎ ገበያ ላለው ልብስ ሰፊ ለያቁብ ታዘዘ።

ካባዎቹ ሲመጡ የአንዱን ጠርዝ ገለበጥኩ። ያንን ደቃቅ ስፌት ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ የሠርግ ልብሴን የሰፉልኝ እርስዎ ነዎት። ያቁብ ሥራውን ለእርስዎ እንደሚሰጥ አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ በኋላም ለማንም አልተነፈስኩም። ዝም ማለት ለምዶብኛል።

ልጆቹ ጨዋታ ሲጀምሩ "ክፉዋ ጠንቋይ ማን ትሁን?" ተባለ። የጎረቤታችን ልጅ ሂባ፣ "እኔ አልሆንም! አስቀያሚዋን ሁሌ ለእኔ!" ብላ አኮረፈች።

መህሪን በትሯን እያወዛወዘች፣ "ማንም አይሁን። ክፉዋ ጠንቋይ አክስቴ ሻጉፍታ ናት። ትራስ ውስጥ መተት ትደብቃለች። ትራስ አምጡና እንፈልግ!" አለች።

እርስዎ የሰፉላትን ካባ ለብሳ ነው ይህን የምትለው። ልጆቹ እየጮሁ ትራሶቻችንን ይቀጠቅጡ ጀመር። እናቶቹም ሻያቸውን ይዘው ሳቁ። "ወይ ይቺ ልጅ! ምላሷስ!" አለች አንዷ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አየችኝ፣ አየኋት፣ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

እውነቱ ይኸው። ያኔ መህሪን በትኩሳት ስትነድ ከትራሷ ውስጥ ያገኘሁት፣ በጥቁር ክር የታሰረው ወረቀት መተት አልነበረም። ክታብ ነበር። ልጅቷን እንዲጠብቃት ብላ ከሼኹ አስጽፋ፣ ለእኔም ሳትነግረኝ የከተተችው እናቴ ናት። እርስዎ ባልዎ ከሞቱ ወዲህ አብረውን ይኖሩ ነበር፤ ትራሱንም የሰፉት እርስዎ ነበሩ። "ልጅ ስላልወለደች በእኔ ቀንታ ነው" ብዬ ቤቱን ያናወጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ሣጥን ይዘው በወጡ በሦስተኛው ቀን እናቴ እያለቀሰች ነገረችኝ።

"ሂጂና መልሻት" አለችኝ።

"ዝም በይ እማዬ፣ አንዴ ወጥታለች። ይረሳል" አልኳት።

አልተረሳም። "እሷ የሰፋችው የሙሽራ ልብስ ትዳር ያፈርሳል" እየተባለ ሥራ እንዳጡ ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው በሰው ስም ተደብቀው የሚሰፉት። እኔን ዝም ያሰኘኝ ደግሞ እፍረት ብቻ አልነበረም። የጓዳው ቁልፍ ከእርስዎ ወጥቶ እኔ እጅ ገብቶ ነበር፤ ቤቱ የእኔ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ መህሪን ካባዋን ገልብጣ መጣች። "እማዬ፣ የሌሎቹ ካባ ኪስ የለውም። የእኔ አለው፣ ግን አይከፈትም። ለምንድን ነው?"

በሕፃንነቷ ለእሷ በሚሰፉት ልብስ ሁሉ ውስጥ ለውስጥ ኪስ አበጅተው ከረሜላ ይከቱላት ነበር። አሁንም አልረሷትም፤ ኪሱን አበጁላት። ከዚያ "አንድ ነገር ከተተችበት" እንዳይባሉ አፉን ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉት። ገባኝ፣ እትዬ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እዚያው ለመህሪንና ለአባቷ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተውቂር እስካሁን አላናገረኝም፤ ይገባኛል። መህሪን ግን ትክ ብላ አየችኝና፣ "ታዲያ ክፉዋ ጠንቋይ አንቺ ነሻ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ከእናቴና ከልጄ ጋር እመጣለሁ። በሩን ባይከፍቱልኝም ደጅዎ ላይ ቆሜ፣ ጎረቤትዎ ሁሉ እየሰማ፣ የዋሸሁትን በአፌ እናገራለሁ። ካባውን እናመጣዋለን። መህሪን ኪሱን በመቀስ ልትከፍተው ስትል ከለከልኳት። የሚከፈት ከሆነ በእርስዎ እጅ ይከፈት ብያታለሁ። ሲከፈት የሚከተተውን ከረሜላ ራሷ ልትይዝ ነው።

የበደለችዎ የወንድምዎ ሚስት፣
ናዚማ