የጅብራ ምንጭ ካርታ በቢሮዎ መስኮት ላይ ስለመገኘቱ

ለተከበሩ የወረዳችን መዝገብ ቤት ኃላፊ፣ ለአቶ አትናቴዎስ

በዚህ የጥር ውርጭ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎን ቁርጥማት፣ ቢሮዎን ነፋስ እንዳይደፍረው ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የትምወርቅ የምባል የጅብራ ምንጭ መንደር ነዋሪ ነኝ። የሠላሳ ስምንት ቤት ሰውና በግ የሚጠጣባት ምንጫችን በጎረቤታችን በአቶ ምንተስኖት አዲስ የይዞታ ደብተር ውስጥ ገብታ ስለተገኘች፣ እሳቸው ድንጋይ አግዘው ማጠር ጀምረዋል። ፍርድ ቤቱም ምንጯ የጋራ ለመሆኗ የድሮ መዝገብ ካለ እስከ ጥር ሃያ ስድስት እንድናቀርብ፣ ካልቀረበ ግን በደብተሩ እንደሚወስን ነግሮናል። መዝገቡ በንጉሡ ዘመን የተነሣ ካርታ ነው፤ የማሉ ሽማግሌዎች ጾመው ከፊት እየሄዱ፣ አጥቢያ ዳኛው ከኋላ የረገጡትን ሁሉ እያስጻፉ ድንበሩን ዞረውበታል።

በዚህ ካርታ ፍለጋ ላደረጉልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. የሦስት ሰዓት መንገድ አራት ጊዜ ስላስመላለሱኝ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ቁልፍ የያዘው ሰው ሞላሌ ገበያ ወርዶ ነበር፤ ቀጥሎ ሰውየው ተመልሶ ቁልፉ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ነበር። ከቤቷ የማትወጣ እንደ እኔ ያለች ሴት አገሯን በሌላ ምክንያት አታይም ነበር።

፪. በአራተኛው ቀን፣ ማለትም ትናንት፣ «እንዲህ ያለ ካርታ በመሥሪያ ቤታችን የለም» የሚል፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከወንበር ሳይነሡ፣ አንድ መደርደሪያ ሳይነኩ የሰባ ዓመት ወረቀት ፈልጎ ማጣት ለሁሉ ሰው አይሰጥም።

፫. ደብዳቤውን ይዤ በቢሮዎ ጀርባ ሳልፍ፣ መስተዋቱ የረገፈ መስኮት በወረቀት ተሸፍኖ አየሁ። ፊደል የለየሁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣና ከስኳር መጠቅለያ ስለሆነ፣ የተለጠፈ ወረቀት ሳላነብ ማለፍ አይሆንልኝም። «ጅብራ ምንጭ፣ የሕዝብ ውሃ» ይላል። የአጥቢያ ዳኛው ማኅተምና የሰባት ሽማግሌዎች የጣት አሻራ አለበት፤ አንዱ የአያቴ የገብረ አማኑኤል ነው። ሠራተኛዎ ወይዘሮ ገበያነሽም ስጠይቃቸው አልዋሹኝም፤ «ምን እናድርግ እትዬ፣ በኅዳር ብርዱ ሲጠናብን ከወረቀቱ ሁሉ በጨርቅ የተደገፈ ይኸ ብቻ ሆነ፤ ሙጫውንም ራሴ ነኝ ከስንዴ ዱቄት ያበሰልኩት» አሉኝ። የማን አሻራ እንዳለበት ስነግራቸው ደግሞ «እሰይ! አያትዎ ብርድ ከለከሉልን» ብለው ሳቁ። እኔም እስከ በሩ ድረስ አብሬያቸው ሳቅሁ።

፬. ባዶው ገጽ ወደ እናንተ፣ ጽሑፉ ወደ መንገዱ እንዲሆን አድርገው ስላስለጠፉት አመሰግናለሁ። መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚለውን ቃል እንዲህ አድርጎ የፈጸመ ሹም አላጋጠመኝም።

፭. ካርታው ተላቅቆ ለፍርድ ቤት እንዲላክ ስለምንዎ «የለም ተብሎ የተጻፈበት ሰነድ ወጪ ሊደረግ አይችልም» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። እኔ የማላውቀው ሕግ ብዙ ነው። አይጦቹ ግን ሕጉን የሚያውቁ አይመስሉም፤ የዱቄቱ ሙጫ ጥሟቸው ከታችኛው ጥግ ጀምረዋል። ትናንት ስለካው፣ ምንጯ ከተሣለችበት ቦታ ለመድረስ አራት ጣት ቀርቷቸዋል። እስከ ችሎቱ ስድስት ቀን አለ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ካርታው ዛሬውኑ በለብታ ውሃ እየራሰ በጥንቃቄ ይነሣ። ቢሮዎ እንዳይበርደው ከበጎቼ ጠጉር የፈተልኩትን ባና በመስኮቱ ላይ እሰቅልልዎታለሁ፤ ውፍረቱ ከካርታው ይበልጣል፣ ማንም አይካሰስበትም።

በረዶ ቢወርድ የማይነቃነቀው ወንበርዎ ይጽናልዎ እያልኩ፣ ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ የምጠይቅ፣ ደጅዎን ለአምስተኛ ጊዜ ለመጥናት ጫማዬን ያሰርኩ አክባሪዎ፣

የትምወርቅ፣ ከጅብራ ምንጭ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ «የለም» ያሉበትን ደብዳቤ ከመስኮቱ ፎቶግራፍ ጋር አያይዘን ለፍርድ ቤቱ አስገብተናል። ዳኛዋ ሁለቱን ጎን ለጎን ካዩ በኋላ፣ ካርታውን በቀጠሮው ቀን ራስዎ ይዘው እንዲቀርቡ በስምዎ አዝዘዋል። እስከዚያ የምንጯ ጥግ ቢጠፋ፣ ለአይጥ መጥሪያ እንደማይጻፍ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።